አውቶማቲኩ መርሰዲስ ዳገት ላይ ደከመ፦ ሮለር ላይ ቢወጣ ጥፋቱ የሞተሩ ይሁን የካምቢዮው ይለያል?

የመነሻ ጥያቄ

ከአባቴ የተረከብኩት መኪና መርሰዲስ 230 ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1978 ሥሪት፣ የቤንዚን፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ ሲመላለስ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ የሚወጣውን ዳገት ሲይዝ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይነሣም። አንዱ መካኒክ ሞተሩ አልቋል፣ ይፈታ አለ። ሌላው ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የሚያንሸራትተው ካምቢዮው ነው አለ። ሁለቱም ሥራ የሚጠይቀው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በግምት አንዱን አስፈትቼ ጥፋቱ የሌላው ሆኖ ቢገኝ ለሁለተኛው የሚተርፈኝ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪናን ሮለር ላይ አውጥቶ ጉልበቱን የሚለካ፣ ዳይኖ የሚባለው መሣሪያ ያለው ጋራዥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሄጄ ባስለካው ጥፋቱን ለይቶ ይነግረኛል? አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮስ እዚያ ላይ ሲፈተን አይጎዳም ወይ?

ጥያቄውን የኢንተርኔት መወያያ ላይ ለጥፌው ነበር፤ መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ፤ መሐል ላይ ጭቅጭቅም ገባበት። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚከብደው ሰው፣ መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ ቃል አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ መልስ። የመጣው አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሮለር ላይ ከሚሠራ ወጣት ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ከመሠረቱ ጀመረ። የኋላ ጎማዎቹ ከባድ ከበሮ ላይ ይቀመጣሉ፤ መኪናው ታስሮ በቦታው ይሮጣል፤ መሣሪያው ጎማው ከበሮውን የሚገፋበትን ኃይል በፍጥነቱ አባዝቶ ጎማው ላይ የደረሰውን ጉልበት ያወጣል። አንዳንዱ ከበሮ በክብደቱ ብቻ የሚሠራ ነው፤ መኪናው ምን ያህል ቶሎ እንዳፈጠነው ይቆጥራል። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚይዝ ፍሬን ስላለው መኪናውን በአንድ ፍጥነት ላይ ሸክም አስሮ ያቆየዋል። ዳገት ላይ ለሚደክም መኪና ሁለተኛው ይሻላል አለ። ለዋናው ጥያቄ የሰጠው መልስ በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነበር፤ ይለያል፣ ነገር ግን የሞተሩ ዙር ከሮለሩ ፍጥነት ጎን ለጎን ከተመዘገበ ብቻ ነው። በኋላ እንደሚታየው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ሆኖ ተገኘ።

2ኛ፣ 3ኛ እና 4ኛ። እዚሁ ጎንደር ታክሲ የሚነዳ ሰው፣ ለቦሎ በየዓመቱ የምንመረመርበት ቦታ ሮለር እያለ ሰው ለምን አዲስ አበባ ድረስ ይንከራተታል አለ። ቀጣዩ ሐሳቡን ወድዶ ዋጋውን ጠየቀ። አራተኛው ግን በቁጣ ገባ። የምርመራው ሮለር የፍሬን መመርመሪያ ነው፤ በራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ጎማውን በእግረኛ ፍጥነት ያዞራል፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚገጥመውን ኃይል ይመዝናል። እዚያ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ የሚረግጥ ሰው መኪናውንም መሣሪያውንም፣ አጠገቡ የቆመውንም ሰው ይጎዳል አለ። እውነቱን ነው። ባለታክሲውን አላዋቂ ብሎ መዝለፉ ግን አላስፈለገም፤ ሰውየው የጠየቀው በቅንነት ነበር፣ ሁለቱን ሮለሮች ከውጭ ብቻ ያየ ሰው ሊያምታታቸው ይችላል።

5ኛ መልስ። ከሁሉ ረጅሙና ከሁሉ የጠቀመኝ ነው። የጻፉት አዘዞ የሚኖሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። በእጅ ማርሽ መኪና ፍሪሲዮኑ አንዴ ከያዘ ሞተሩና ጎማው በብረት የተሳሰሩ ናቸው፤ ሞተሩ ይህን ያህል ከዞረ ጎማው ያን ያህል ይዞራል፣ ወለም ዘለም የለም። በእኔ ዓይነቱ አውቶማቲክ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር አለ፤ ኃይሉን የሚያሻግረው ዘይት ነው። በኋላ ዘመን የመጡት አውቶማቲኮች ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ ፍሪሲዮን አላቸው፣ የዚያ ዘመን መርሰዲስ ግን የለውም። ስለዚህ ሞተሩ ሁልጊዜ ካምቢዮውን በጥቂቱ እየቀደመ ይዞራል። በመካከል የሚባክነው ጉልበት ዘይቱን ቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ይንጠዋል፤ መናጡም ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል አሉ። አንደኛ፣ መኪናው ከዝቅተኛ ዙር ሲነሣ ኮንቨርተሩ የሞተሩን ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉን፣ እስከ እጥፍ ገደማ ሊያበዛው ስለሚችል፣ ግራፉ መጀመሪያ ላይ ጉብ ብሎ ቢታይ የሞተሩ ብርታት ነው ብሎ መደሰት አይገባም። ሁለተኛ፣ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከተነበቡ መንሸራተቱ ራሱ በቁጥር ይወጣል። ሒሳቡንም ሠርተው አሳዩ። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 3.69 ከሆነና ጎማው በአንድ ዙር 1.93 ሜትር ያህል ከሄደ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ ምንም መንሸራተት ሳይኖር በደቂቃ 3,190 ገደማ መዞር አለበት። ወረቀቱ 3,300 ቢያሳይ ኮንቨርተሩ የተለመደ ሥራውን እየሠራ ነው። 3,800 ቢያሳይ ግን ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ወይም ኮንቨርተሩ ራሱ እየለቀቁ ነው፤ ሞተር ማስፈታት ከንቱ ወጪ ይሆናል። ዙሩ ትክክል ሆኖ ጉልበቱ ብቻ ካነሰ ደግሞ ጥፋቱ የሞተሩ ነው።

ይህን መልስ ሳነብ ሁለቱ መካኒኮች ለምን እንዳልተስማሙ ገባኝ። ሁለቱም የሚያዳምጡት አንድ ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ ፍጥነቱን አይነግርም። የፈረስ ጉልበት ቁጥር ብቻውንም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አይናገርም። ጎማው ላይ 60 ወጣ ቢባል፣ የጎደለው ሞተሩ ውስጥ ይቅር ወይስ ዘይቱ ውስጥ ይቅለጥ ከቁጥሩ አይታወቅም።

6ኛ መልስ። ወጣቱ ተመልሶ መጣና መምህሩን ደገፈ። ዙሩን የሚያነቡት በካንዴላ ገመድ ላይ በሚቆነጠጥ መያዣ ስለሆነ የዙር ቆጣሪ የሌለው መኪናም ይለካል አለ። የጎማውን ዙሪያ በግምት ከመውሰድ፣ ጎማውና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ መኪናውን ምልክቱ ተመልሶ ወለሉን እስኪነካ ድረስ በእጅ ገፍቶ በሜትር መለካት ይሻላል። የዲፈረንሻሉም ንጽጽር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ከዲፈረንሻሉ ይነበብ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም።

7ኛ መልስ። አራዳ አካባቢ በጋራዥ ሥራ ዕድሜያቸውን የገፉ፣ ሁላችንም ጋሽ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጥያቄዬን ራሱን ተጠራጠሩት። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ከፔዳሉ በታች ያለው ማብሪያ ይነካል፤ ካምቢዮውም ወደ ታችኛው ማርሽ ይወርዳል። ሞተሩ የሚጮኸው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሽታ አይደለም። ለመለየት የማርሹን ዘንግ ኤስ (S) ላይ አድርጌ ዳገቱን እንድወጣ መከሩኝ፤ ያኔ አራተኛው ማርሽ ስለሚታገድ ካምቢዮው በሦስተኛና በአራተኛ መካከል አይዋልልም። ሮለር ላይ ሲወጣም ያው ማብሪያ ፈተናውን ያበላሻል፤ መለኪያው መሐል ላይ እያለ ማርሹ ከወረደ ግራፉ ይሰበራል። ስለዚህ የማብሪያው ገመድ ለጊዜው ይነቀል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለስ። መኪናው በቀላል እግር አራተኛን ይያዝ፣ ከዚያ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይረገጥ።

8ኛ እና 9ኛ። አንድ ሰው በሦስተኛ ቢለካስ ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ቁጥር የሚወድ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ይህ ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው 4,800 ዙር ላይ ነው። በአራተኛ እዚያ ለመድረስ ጎማው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር መሮጥ አለበት፤ በሦስተኛ ግን፣ ንጽጽሩ 1.46 ስለሆነ፣ ከ103 አያልፍም። ጎማው ያረጀ ከሆነ ሦስተኛ ይመረጥ፤ ጉልበት ማለት ኃይል ሲባዛ በፍጥነት ስለሆነ ማርሹ ውጤቱን ብዙ አይለውጠውም። በሦስተኛ ለመለካት ግን መምህሩ የሠሩት ሒሳብ በ1.46 ይባዛ። ጎማዎቹ መቼ እንደተሠሩ እንድመለከትም ነገረኝ። ወርጄ ባትሪ አበራሁ፤ ከጎማው ጎን፣ በጭቃው ሥር፣ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ 1409 የሚል ተቀርጿል። የ2009 እ.ኤ.አ. አሥራ አራተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጎማው ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ደርቋል። በዚህ ጎማ 150 አላስሮጥም።

ከ10ኛ እስከ 15ኛ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። ዳላስ የሚኖር የከተማችን ልጅ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ 25 በመቶ ይበላል፤ ጎማው ላይ የወጣውን ቁጥር በዚያ አስተካክለህ ፋብሪካው የጻፈውን 109 ካላገኘህ ሞተሩ አልቋል አለ። መምህሩ ወዲያው ተቃወሙ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስለሆነ፣ 109 የነበረው ከፋብሪካ ትናንት ቢወጣ እንኳ እዚህ 84 አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ ኮሶዬ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዳላሱ መለሰ፤ መሣሪያው የአየሩን ግፊት ራሱ አይቶ ያስተካክላል፣ ይህን የማያውቅ ዳይኖ አይቶ የማያውቅ ነው አለ። መምህሩም አልተዉትም። አይኤስኦ 1585 የተባለው ደንብ ማስተካከያው የሚታመነው ከ0.93 እስከ 1.07 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው ይላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ማባዣው ከ1.3 ያልፋል፤ ስለዚህ የሚወጣው ቁጥር ግምት ነው አሉ። 25 በመቶ የሚባለውም ቋሚ አይደለም፤ ከዘይቱ ሙቀት፣ ከጎማው ነፋስ፣ መኪናው ከታሰረበት ገመድ ጥብቀት ጋር ይለዋወጣል። ከዚያ በኋላ ስድብ ተጀመረ፤ ሁለት መልሶች በአስተዳዳሪው ተሰረዙ፣ 15ኛው የእርሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

እኔ በዚህ ክርክር የመምህሩን እውነት እቀበላለሁ፤ የከፍታውን ነገር ሳያነሡ አሮጌ ሞተርን ከፋብሪካ ወረቀት ጋር ማስተያየት ለስንቱ መኪና ያለ ጊዜው መፈታት ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ዳላሱም የተወልን ነገር አለ፤ የተስተካከለውና ያልተስተካከለው ቁጥር ሁለቱም በወረቀት እንዲሰጡኝ እንድጠይቅ ያሳሰበው እርሱ ነው። 109 የጀርመን ፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 80 ኪሎ ዋት፣ መሆኑንም ያስታወሰው እርሱ ነው። መሣሪያው በየትኛው እንደሚጽፍ ሳይጠየቅ ቁጥር አይተያይም።

ከ16ኛ እስከ 20ኛ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ ቤንዚን ለማግኘት የሚሰለፍበትን ሰልፍ አማረረ። ሌላው የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን እንዴት እንዳስወደደ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መጠገን ግዴታ እንደሆነ ጻፈ። አንዱ መኪናውን ለሠርግ አጀብ ልከራይህ አለኝ፤ አንዱ ልግዛህ አለ። አውቶማቲኩን አውጥተህ የእጅ ማርሽ ግጠምበት ያለም ነበር። አልሸጥም፣ አልቀይርም።

21ኛ መልስ። ወደ ጉዳዩ የመለሰችን በሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የምታስተምር እኅታችን ናት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ስለ ሮለሩ ሲያወራ ማንም ስለ ካርቡራተሩ አልጠየቀም ብላ ወቀሰችን፤ ወቀሳዋ ተገቢ ነበር። ሮለር የመጨረሻው ፈተና ይሁን፤ ከዚያ በፊት እዚሁ ጎንደር የሚሠራ አለ አለች። የአራቱ ሲሊንደሮች ግፊት ይለካ፤ ከፍታው ንባቡን ስለሚያወርደው ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳቸው ይተያዩ። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው የቫኪዩም ቱቦ ይፈተሽ፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ማርሹ ዘግይቶና በድንጋጤ ይገባል። የካምቢዮው ዘይት ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ሞተሩ በዚያ ቱቦ እየጠጣው ሊሆን ይችላል። ስትሮምበርግ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ስስ ዲያፍራም ይታይ፤ እርሱ ከተቀደደ መርፌውን የያዘው ፒስተን በሙሉ ስለማይነሣ ሞተሩ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በመጨረሻም ፍሬን ተይዞ፣ ዘንጉ ዲ ላይ ሆኖ፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተሰጥቶ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደሚቆም ይታይ። በጣም ከዘለለ ካምቢዮው እያንሸራተተ ነው፤ በጣም ዝቅ ካለ ሞተሩ ደክሟል ወይም ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል።

22ኛ፣ 23ኛ እና 24ኛ። ጋሽ ይህን የመጨረሻ ፈተና አልወደዱትም፤ አሮጌ ካምቢዮ የሚገደለው በዚህ ነው ብለው ቆጣ አሉ። እርስዋ በአክብሮት መለሰች፤ ከአምስት ሰከንድ አይለፍ፣ ከዚያ ዘንጉ ኤን ላይ ሆኖ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ሞተሩ ይሥራ፣ በፈተናው ጊዜ ከመኪናው ፊት ሰው አይቁም አለች። ከፍታው ይህንንም ዙር ዝቅ ስለሚያደርገው በመጽሐፉ ቁጥር መደንገጥ እንደማይገባም ጨመረች። ወጣቱ ደግሞ ያላሰብነውን አነሣ፤ ቆሞ የሚደረገው ፈተና የሚነግረን መኪናው በሚነሣበት ማርሽ ስለሚሠሩት ሸራዎች ብቻ ነው፤ በሦስተኛና በአራተኛ የሚሠሩት ቢያንሸራትቱ አይታይም። ሮለሩ ያኔም ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ከውይይቱ ሁሉ ንጹሕ ክርክር ነበር፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ሦስቱም ተደማመጡ።

25ኛ መልስ። ጋሽ ስለ ዘይቱ ጻፉ። መኪናው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘንጉ ፒ ላይ ሆኖ የዘይት መለኪያው ይውጣና በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ላይ ቀይ ሆኖ ከተዘረጋ ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ዱቄት ትቶ ዘይቱ ብቻ ወደ ዳር ከሸሸ፣ ዱቄቱ የሸራው ነው፤ ያ መኪና ሮለር ላይ አይውጣ። ሮለሩ ገና እየዞረ ዘንጉን ፒ ላይ ማድረግ ፈጽሞ ክልክል እንደሆነም ሁለት ጊዜ ደግመው ጻፉት፤ የሚቆልፈው ጥርስ ይሰበራል።

26ኛ መልስ የእኔ ነው። የታዘዝኩትን አስደረግኩ። ዘይቱ ቀይ ነው፣ ዱቄት የለውም። የአራቱ ሲሊንደሮች ግፊት ተቀራራቢ ነው። የቫኪዩም ቱቦው ጫፉ ላይ ደርቆ ስለነበር ተቆርጦ እንደገና ተሰካ። የካርቡራተሩ ክዳን ተፈትቶ ያ ስስ ጥቁር ጎማ ሲወጣ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ በጣት ተወጥሮ ወደ መስኮቱ ሲያዝ ግን ከጠርዙ አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብርሃን አሳለፈች። ሞተሩ እንዲፈታ የፈረደው መካኒክም አጠገቤ ቆሞ አይቷታል። አዲሱን ዲያፍራም የሚያመጣልኝ ዘመድ ተገኝቷል። ቆሞ የሚደረገውን ፈተና እርሱ ከተገጠመ በኋላ አስደርጋለሁ። ሮለሩንም አልተውኩትም፤ ሦስተኛውና አራተኛው ማርሽ ገና አልተፈተኑም፣ ያ ሳይለይ ደግሞ ካምቢዮውን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

27ኛ እና 28ኛ። ባለታክሲው፣ ቀድሞ የተዘለፈው፣ መኪናውን ነድቼ እንዳልሄድ መከረኝ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ያለው ዳገት የሚያንሸራትት ካምቢዮን ሳይለካ ሊጨርሰው ስለሚችል፣ መንገዱ ሲመች በጭነት መኪና ተጭኖ ይሂድ አለ። ከሁሉ ጠቃሚ ምክሮች አንዱ ነው። ወጣቱ ደግሞ ስደርስ ምን እንደምጠይቅ ዘረዘረልኝ፤ ከፊት ጠንካራ ማራገቢያ ይቁም፣ ምክንያቱም የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ በአንዱ ልኬትና በሌላው መካከል ዘይቱ ዕረፍት ያግኝ፤ ወረቀቱ ላይ ማርሹ፣ የዘይቱ ሙቀት፣ የጎማው ነፋስና የዕለቱ የአየር ግፊት ይጻፉ።

29ኛ መልስ። ባሕር ዳር ያለ ሰው ፔጆ 504 አውቶማቲክ አለኝ፣ ለእኔስ ይሠራል ወይ አለ። የእርሱ ካምቢዮ ባለ ሦስት ማርሽ ስለሆነ አንድ ለአንድ የሆነው ሦስተኛው ነው፤ ሒሳቡን በራሱ ዲፈረንሻልና በራሱ ጎማ ይሥራው። በጭነቱ ወጪ ተጋርተን እንሄድ እንደሆነ በውስጥ መልእክት ጽፌለታለሁ።